ለኋላ ማርሽ ያስገጠምከው ፓውዛ ወደፊት ስትነዳ ለምን ይበራል?

በጨለማ ወደኋላ መንዳት ከባድ ነው፣ ገባኝ። የፋብሪካው አምፖል ብዙ ጊዜ 21 ዋት ነው፤ ከመኪናው ኋላ የቆመ ሕፃን ላያሳይህ ይችላል። ስለዚህ ጨምር፣ አልቃወምም።

ግን ወዳጄ፣ ከኋላ ቀይ መብራት «ከፊትህ ነኝ» ማለት ነው፤ ነጭ ደግሞ «ወደ አንተ እየመጣሁ ነው»። አስፋልት ላይ ስታበራው ከኋላህ ያለው ባለባጃጅ ዓይኑ ይጠፋል፤ መኪና የመጣበት መስሎት መሪ ይጠመዝዛል። ገደል ቢገባስ?

«ረጅም የሚያበራብኝን ልቅጣበት» ትለኛለህ። መንገድ የቂም መወጫ ነው እንዴ?

ጋራዥ የከፈታችሁ ተማሪዎቼ፣ እናንተም አላችሁበት! ደንበኛ ስለከፈለ ብቻ ለብቻው ማብሪያ አትግጠሙለት። ፊውዝና ሪሌ አስገቡ፤ ከኋላ ማርሹ መስመር ጋር እሰሩት፤ ማርሹ ሲወጣ ይጥፋ። ፊቱም ወደ መሬት ይዙር።

እምቢ ካለ፣ ሌላ ጋራዥ ይፈልግ።