የተማሪዎችን የደንብ ልብስ አስመልክቶ ከወላጆችና መምህራን ኅብረት የተሰጠ የአቋም መግለጫ

ኅብረታችን በአዲስ አበባ በሚገኘው የግል ትምህርት ቤታችን ስለሚሠራበት የደንብ ልብስ አሠራር ከአባላቱ በተደጋጋሚ የቀረቡለትን አቤቱታዎች መርምሯል። ከመምህራንና ከተማሪ ተወካዮች ጋር ተወያይቷል፤ የአስተዳደሩንም ማብራሪያ አድምጧል። ይህ መግለጫ ከዚያ ውይይት በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው የጸደቀ ነው።

ኅብረቱ ዩኒፎርም ይቅር የሚል ጥያቄ የለውም። የነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛውና የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መቆማቸው፣ የኑሮ ልዩነት እየሰፋ በሄደበት በዚህ ከተማ ትልቅ ነገር ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስና ደብተር በነፃ ማቅረቡም፣ ልብስ ልጅን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ የታመነበት መሆኑን ያሳያል። የእኛ አባላት ወጪውን ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ ማንም እንዲከፍልላቸው አልጠየቁም። ቅሬታቸው ልጆችን እኩል ለማድረግ የተደነገገው ልብስ ልጆችን መለያ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ልጅ ከእኩዮቹ ላለመለየት ያለውን ፍላጎት ብዙ ጊዜ ቅብጠት ወይም ፋሽን መከተል አድርገን እናየዋለን። ኅብረቱ በዚህ አይስማማም። የዐሥር ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው፤ ከእነሱ መሐል ተነጥሎ መታየት ለእርሱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዩኒፎርም ጥሩ ሐሳብ የሚሆነውም ይህንን ፍላጎት ስለሚያከብር ነው። ሕጉ የቆመበትን ምክንያት አፈጻጸሙ ሲያፈርሰው ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የሆነው ይህ ነው። የሹራቡ ቀለም እንዲቀየር ሲወሰን ማስታወቂያው ለወላጅ የደረሰው በነሐሴ መጨረሻ፣ የምዝገባ፣ የመጻሕፍትና የዘመን መለወጫ ወጪ በአንድ ላይ በተደራረበበት ሳምንት ነበር። አዲሱ ሹራብ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ሱቅ ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ልጅ የሚያስተምር ወላጅ የታላቁን ልብስ ለታናሹ እንዳያወርስ ተደረገ። አቅሙ ያልፈቀደለት ልጁን በአሮጌው ሹራብ ላከ፤ ልጁም ከሰልፉ ወጥቶ በተማሪው ሁሉ ፊት ለብቻው እንዲቆም ተደረገ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ የማን ወላጅ እንዳልገዛ በዓይኑ እንዲያይ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አይገኝም ነበር። በኅዳር ብርድ አሮጌውን ሹራብ በቦርሳቸው ደብቀው በሸሚዝ ብቻ የዋሉ ልጆች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት የጀመሩም ነበሩ፤ እናቶቻቸው ምክንያቱን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ሱሪ የማስጠበብና ቀሚስ የማሳጠር ጉዳይ አለ። በዚህ ላይ አባላቱ አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግ ያሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። የጠበበ ሱሪ በበር ላይ በመቀስ መሰንጠቁንና የወንዶች ፀጉር በሰው ፊት መቆረጡን ግን የደገፈ አንድም አባል አልተገኘም።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብታቸውንም በግልጽ ያስቀምጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ልጅን በወላጁ ኪስ ምክንያት በሰልፍ ፊት ማቆም ከእነዚህ ድንጋጌዎች ጋር አይሄድም።

ስለሆነም ኅብረቱ የሚከተሉትን አቋሞች ወስዷል፦

1. የደንብ ልብስ ግዴታ እንዲቀጥል እንደግፋለን። አባላት ልጆቻቸው ንጹሕና የተሟላ ልብስ ለብሰው እንዲመጡ ኃላፊነታቸውን ይወጣሉ።

2. ማንኛውም ተማሪ በልብስ ጉድለት ከበር አይመለስ፣ ከክፍል አይውጣ፣ ከሰልፍ አይነጠል። ልብስ የሚገዛው ወላጅ እንጂ ልጁ አይደለም። ጉድለት ሲኖር አስተዳደሩ ወላጁን በስልክ ወይም በደብዳቤ ያነጋግር፤ ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ልጁ ይማር።

3. በተማሪ ልብስም ሆነ ፀጉር ላይ መቀስ ማሳረፍ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ይህ ለድርድር የምናቀርበው ነጥብ አይደለም።

4. የቀለም ወይም የስፌት ለውጥ ከዚህ ኅብረት ጋር ሳይመከርበት አይወሰን። ከተወሰነም አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን አስቀድሞ ይነገር፤ ነባሩ ልብስ ልጁ እስኪያድግበት ድረስ ከአዲሱ እኩል ተቀባይነት ይኑረው።

5. ትምህርት ቤቱ የጨርቁን ዓይነትና ቀለም አሳውቆ ዓርማውን ብቻ ለብቻው ይሽጥ። ጨርቁን ከመርካቶ ገዝቶ በሰፈሩ ልብስ ሰፊ ማሰፋት የሚፈልግ ወላጅ አይከልከል።

6. በብርድ ወራት ከዩኒፎርሙ በላይ ጃኬት ወይም ካፖርት መደረብ ይፈቀድ።

7. በከለር ዴይና መሰል ዝግጅቶች ቲሸርት መግዛት ግዴታ አይሁን። ቤቱ ያለውን ልብስ ለብሶ የመጣ ልጅ እንደ ጓደኞቹ ይግባ። በዚያ ቀን ከቤት የሚቀሩ ልጆች እንዳሉ መምህራኑ ራሳቸው ለኅብረቱ ገልጸዋል፤ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው የደስታ ቀን ለአንዳንድ ልጆች መቅሪያ ቀን መሆኑን አንቀበልም።

8. ኅብረቱ በበኩሉ ልጆች ያደጉበትን በደህና ሁኔታ ላይ ያለ ልብስ ከአባላት ሰብስቦ ለሚያስፈልጋቸው ያከፋፍላል። ርክክቡ ከወላጅ ጋር ብቻ ይሆናል፤ የተቀባዩም ስም ለዚህ ከተመደቡት ሁለት የኮሚቴ አባላት ውጭ አይታወቅም።

አስተዳደሩ ከተራ ቁጥር 2 እስከ 7 በተዘረዘሩት ነጥቦች ላይ የመጪው ዓመት ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። መልስ ካልተሰጠ ኅብረቱ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ጉዳዩን ከነማስረጃው ለሚመለከተው የትምህርት ተቆጣጣሪ አካል ያቀርባል።