ስለ ከርቤ ዛፍ አጠባበቅ

በኦጋዴን፣ በሊበንና በቦረና ቆላ የሚታየውን እሾሃም ዱር ከደጋ የተሾመ ሹም ባየው ጊዜ ጠፍ መሬት ነው ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱም በሩቅ የተፈረደ ስለ ሆነ ስሕተት ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ መስሎ የሚቆመው፣ ቁመቱም ከአራት ሜትር እምብዛም የማያልፈው ያ ጠማማ ዛፍ ከርቤ የሚገኝበት ነውና። ኦሮሞው ቁንቢ ይለዋል፤ ሶማሌው ደግሞ ሙጫውን መልመል ብሎ ይጠራዋል። ካህኑ ሰብአ ሰገል ያመጡትን እጅ መንሻ ያውቃል፤ ዛፉን በዐይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈው የግሪኮች የኤርትራ ባሕር መጽሐፍ፣ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ከነበረው ከአቫሊጤስ ወደብ የሚወጣው ከርቤ ጥቂት ቢሆንም ከሌላው ሁሉ የበለጠ እንደ ነበረ ይናገራል። ዛሬም ሽቶ ሠሪውና መድኀኒት ቀማሚው ይፈልገዋል፤ የቻይና ሐኪሞችም ከጥንት ጀምረው ይገለገሉበታል።

ሹማምንት በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባው የአሰባሰቡን ነገር ነው። የአገራችን ከርቤ አብዛኛው በመድማት የሚገኝ አይደለም፤ ቅርፊቱ ራሱ ሲሰነጠቅ፣ ወይም ትል ሲበሳውና እንስሳ ሲያቆስለው የሚፈሰው ሙጫ ደርቆ ቀይ ቡናማ በሆነ ጊዜ ሴቶችና ልጆች ከከብት ጥበቃ ጋራ ይለቅሙታል። ይህም የሚሆነው በበጋ፣ ወተቱ በነጠፈበት ወራት ነው፤ ስለዚህ የከርቤው ዋጋ ለብዙ ቤት የእህል መግዣ ነው። ምርቱ ይብዛ በማለት ዛፉን እንደ ዕጣን ዛፍ ደጋግሞ ማቍሰልን የሚመክሩ አሉ። ምክራቸው የሚያስከትለው ለአንድ ዓመት ትርፍ፣ ለዐሥር ዓመት ድኽነት ነው፤ ቁስሉ የበዛበት ዛፍ ይደክማል፣ ፍሬውም ይቀንሳልና።

ሁለተኛው ጕዳት የመቀላቀል ነው። ሶማሌው ሀበክ ሀዲ የሚለውና በቦረና ሃጋር የሚባለው ሙጫ ከከርቤ ወገን ዛፎች የሚገኙ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ገበያ ያላቸው ናቸው። በአንድ ጆንያ ከተደባለቁ ግን ገዢው ሁሉንም በዝቅተኛው ዋጋ ይመዝናል። ለቃሚዋ መለየቱን ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ የሚቀላቅለው ከእርስዋ በኋላ ያለው እጅ ነው። እንግዲህ ቍጥጥሩ መጀመር ያለበት ከወረዳው ገበያ እንጂ ከጉምሩክ በር አይደለም።

እንጨቱ ልል ስለ ሆነ ለከሰል እምብዛም አይረባም። የሚያጠፋው በተለይ ለእርሻ የሚደረገው ምንጣሮ ነው፤ በዚያም አገር ዝናሙ እየከዳ ማሽላው ሲቀር ዛፉም እህሉም አይገኝም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቍጥር 1065 የማኅበረሰብን ደን ከመንግሥትና ከግል ደን ለይቶ ዐውቆታል። የቆላው ወረዳ ሹም የምንጣሮ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የጎሣውን ሽማግሎች ይዞ ዛፉን ያስቈጥር፤ የመልቀሙንም መብት ከሩቅ ለመጣ ነጋዴ ሳይሆን በስፍራው ለሚኖሩት ከብት አርቢዎች በማኅበራቸው ስም ይጻፍላቸው። ቈጠራውም ሙጫው በሚለቀምበት በበጋ ቢሆን ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ የትኛው ዛፍ የማን ቤት ለቃሚ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል።