ሃምሳ አለቃ፣ የቡሪው አባት

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ አባት ነው። ወታደር ነበሩ፣ ፖሊስ ነበሩ፣ በስደት ደግሞ የሰው ቤት እየጠበቁ ሦስት ልጆች አሳድገው በካንሰር አረፉ። ቤተሰባቸው አሁን እዚሁ ካምፕ ከእኛ ጋር ይኖራል። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን አንጽፍም። ቡሪ የኖረ ሰው ግን «ሃምሳ አለቃ» ከተባለ ማን እንደሆኑ ያውቃል፣ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

አገር ቤት ቢሆን ለእንዲህ ያለ ሰው በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ የሥራ ጓዶቹም ቆመው ይሸኙታል። እሳቸው የተቀበሩት ግን መንገድ ሁሉ በተዘጋበት ሳምንት ነው። ዘጠኝ ሰው ነበርን። የሕይወት ታሪክ የጻፈም ያነበበም አልነበረም። እኛ ዛሬ የምናነበው ያንን ነው፣ ቢዘገይም።

ቡሪን ለማታውቁት፤ ከካርቱም መሀል በስተምሥራቅ፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ውሃው ያው ከጣና የወረደው ውሃችን ነው። ቡሪ ሲባል ደግሞ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቡሪ አል ማሐስ አለ፣ ቡሪ አል ደራይሳ አለ፣ ቡሪ አል ላማብ አለ። በአንድ በኩል የመብራት ማመንጫው፣ በሌላ በኩል «ማዕረድ» የሚባለው የንግድ ትርኢት ግቢ፣ ትንሽ አለፍ ሲሉ የጦሩ ጠቅላይ መምሪያና ኤርፖርቱ ናቸው። አውሮፕላን ሲያርፍ የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሃምሳ አለቃ ገፊር ሆነው የሚጠብቁት ግንባታው ያላለቀ ፎቅ እዚያ ነበር። ቤተሰቡም ከሥሩ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖር ነበር።

የተወለዱት በጎንደር ክፍለ ሀገር ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር እንደ ዘመኑ ወጣት ሁሉ ዘመቱ። የካቲት 1970 ዓ.ም. ካራማራ ተሰብሮ ጅጅጋ ስትለቀቅ እዚያው ነበሩ፣ ግን ስለ ድሉ ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ውሃ ጥማቱ ነበር። እግራቸው ላይ ቆስለው ሲያገግሙ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ተዛወሩና ጎንደር ተመደቡ። ወታደርነቱን ግዴታዬ ነበር ይላሉ፣ ፖሊስነቱን ግን ይወዱት ነበር። «ወታደር ጠላቱን አያውቀውም፣ ፖሊስ ግን ሌባውንም የሌባውንም እናት ያውቃል፣ ስለዚህ ማፈር አለበት» ይሉ ነበር። የደርግ ዘመን ፖሊስ ሁሉ አፍሮ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። እኛም ጠይቀናቸው ነበር። «ያላፈረም አይተናል» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

የካቲት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎንደርና ጎጃም ከመንግሥት እጅ ሲወጡ፣ ሃምሳ አለቃ በመተማ አድርገው ገላባት ገቡ። በዚያው ዓመት በሺዎችና በሺዎች የሚቆጠር ወታደርና ፖሊስ ትጥቁን እያስረከበ ሱዳን ገብቷል። ብዙው ኋላ ተመለሰ፣ እሳቸው ቀሩ። ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ ካምፕ ቆዩ፣ ባለቤታቸውንም ያገኙት እዚያ ነው። (ያ ካምፕ ተዘግቶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለትግራይ ስደተኞች እንደገና ተከፈተ። ድንኳን የተተከለበት መሬት ስደተኛ አያጣም መሰለን።) የመጀመሪያዋ ልጅ ስትወለድ ወደ ካርቱም ወጡ።

አንድ ነገር ከገላባት ጀምሮ አልተለያቸውም፤ የፖሊስ መታወቂያቸው። ኮታቸው ገበር ውስጥ ሰፍተውት ነበር። እዚህ ላይ ወጣቶች የማያስታውሱትን እናንሳ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ከ1991 በፊት ከነበረው መንግሥት ሸሽቶ ለወጣ ኢትዮጵያዊ ምክንያቱ አብቅቷል ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1 ቀን 2000 ጀምሮ ስደተኝነቱን አነሳ። መመለስ አልችልም የሚል ጉዳዩን ለማጣሪያ ማቅረብ ነበረበት። ያኔ ስንቱ ማስረጃ አጥቶ ባዶ እጁን ቀረ! ሃምሳ አለቃ የኮታቸውን ገበር በምላጭ ቀደዱና መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያስመሰከረላቸው እሱ ነው።

አባትነታቸውን ስንናገር ግን ብዕራችን ይፈጥናል። ባለቤታቸው ሻይና ቡና ትሸጥ ነበር። ካርቱም የኖረ ከሻ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ መኪናው ይመጣል፣ ጀበናው ይደፋል፣ ወረቀት የሌለው ይጫናል። ሃምሳ አለቃ የሌሊት ጥበቃቸውን ሳይጀምሩ በፊት ሁልጊዜ መንገድ ዳር ሄደው ሚስታቸውን ይቀበላሉ፣ ከሰሉንና በርጩማውን ተሸክመው ከኋላዋ ይከተላሉ። የሚስቁባቸው ነበሩ። «አጃቢ ነኝ፣ ሙያዬ ነው» ይሉ ነበር።

ልጆቻቸውንም ፖሊስ ሲያስቆማቸው እንዴት እንደሚቆሙ አሰልጥነዋቸዋል። አትሩጡ። እጃችሁ ይታይ። ወረቀታችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት አታውጡ። ስትጠየቁ በቀስታ፣ ዓይን እያያችሁ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ ራሳቸው የሱዳን ፖሊስ ሆነው በአረብኛ እየጮኹ ይፈትኗቸዋል፣ ትንሿ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር ያቅታታል፣ ልምምዱ እንደገና ይጀመራል። አንዴ ግን ታላቅየዋ እውነት ከሻ ውስጥ ገብታ፣ እንደተባለችው ቆማ፣ በሰላም ቤቷ ገባች። ያን ቀን ሃምሳ አለቃ አላመሰገኗትም። ወጥተው ሐብሐብ ገዝተው መጡ።

ፊደል ያስቆጠሯቸው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ነው። ሦስቱም ዛሬ አማርኛ የሚጽፉት በዚያ ወረቀት ነው። ተረታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሻምበል ማሞ ወልዴ ታሪክ ነበር። ክቡር ዘበኛ የነበሩት ማሞ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ አበበ ቢቂላ አቋርጦ ሲወጣ፣ በ36 ዓመታቸው ማራቶኑን አሸነፉ። በሙኒክም በ40 ዓመታቸው ሦስተኛ ወጡ። በኋላ በቀይ ሽብር ወንጀል ተከሰው 9 ዓመት ያህል ታሰሩ። የተፈረደባቸው 6 ዓመት ስለነበር በ1994 ዓ.ም. ተለቀቁ፣ ወራት ሳይቆዩ ግንቦት 18 ቀን በጉበት ካንሰር አረፉ። ሃምሳ አለቃ ይህን በሬዲዮ ሲሰሙ ሬዲዮውን ዘግተው፣ «ኮሪያ ደርሶ የተመለሰውን ሰው ጉበቱ ገደለው» አሉ። የሳቸውም ሞት በዚያው በሽታ እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ሕመሙን ደበቁት። መጀመሪያ «ጨጓራዬ ነው» አሉ። ቀበቷቸው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሱ፣ ከዚያ ሌላ። ትንሿ ልጅ ቀዳዳዎቹን ቆጥራ አምስት ሲሆኑ ለእናቷ ነገረች። እራት ላይ ሁለት ጉርሻ ይበሉና «ቀን ብዙ በልቻለሁ» ብለው የቀረውን ለልጆቹ ይገፋሉ። የሆዳቸው እብጠትና የጎናቸው ክብደት ሲመጣ እንኳ ኮታቸውን አላወለቁም፣ በካርቱም ሙቀት! የዓይናቸው ነጩ ቢጫ ሲሆን ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለና ሥር ተቀምሞ መጣ። ጠጡት። ሁለት ወር ሄደ።

በመጨረሻ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ተደረገ። ከዚያ ሰው ሁሉ «ዘራ» ወደሚለው የካርቱም የጨረር ሕክምና ማዕከል ተላኩ። ሐኪሙ ለትልቁ ልጅ በአረብኛ ነገረው። ልጁ ለአባቱ ለውጦ ሊተረጉም ሲጀምር ሃምሳ አለቃ አቋረጡት፣ «የተከሳሽ ቃል እንዳለ ነው የሚጻፈው፣ እንዳለ ንገረኝ» አሉት። ነገራቸው። ካንሰሩ ከጉበት አልፎ ነበር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2019 ነው፣ ረመዳን። አል በሽር ከወረዱ በኋላ ሕዝቡ ጠቅላይ መምሪያው ፊት እንደተቀመጠ ነው፣ የቡሪ መንገዶችም በጡብና በድንጋይ ታጥረዋል። አንድ ሌሊት ሕመሙ ሲጠናባቸው በረክሻ ጫንናቸው። እያንዳንዱ አጥር ጋ ስንደርስ የቡሪ ወጣቶች ወደ ውስጥ በእጅ ስልክ እያበሩ ያያሉ፣ ድንጋዩን አንስተው ያሳልፉናል፣ ከኋላችን መልሰው ያጥራሉ። አንዱ «ያ ሐጅ፣ አላህ ያሽርህ» አላቸው። ሩቅ ተኩስ ተሰማ። ሃምሳ አለቃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ የመሣሪያውን ዓይነት ነገሩን፣ ቀጥለውም «ልጆቹን ከመንገድ አስገቧቸው» አሉ። የትኞቹን ልጆች እንደሆነ አልገባንም፤ የራሳቸው ቤት ነበሩ። ከስድስት ቀን በኋላ አረፉ። ሰኔ 3 ቀን ያ ስብሰባ በጥይት ሲበተን እሳቸው ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላም ነበር።

ሐኪሙ ለቤተሰቡ የነገረውን እዚህ የምንጽፈው ለብዙዎቻችን ስለሚመለከት ነው። በምርመራው ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ቫይረስ አሥርና ሃያ፣ ሠላሳም ዓመት ድምፁን ሳያሰማ ተቀምጦ ጉበቱን ያጠወልግና ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ነው። በጋራ ምላጭ፣ በደንብ ባልተቀቀለ መርፌ። የደረቀ ደም ላይ እንኳ ሰባት ቀን ይቆያል። አንድ ምላጭ ለአንድ ጓድ የሚሆንበትን ግንባር ያየ ሰው የት እንደያዘው ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ ጡት በማጥባት ግን አይተላለፍም፤ ይህን ጮክ ብለን እንናገራለን፣ ምክንያቱም አስከሬኑ ከወጣ በኋላ በሳቸው ሳህን አንበላም ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ። ሌላም አለ፤ ሻጋታ የያዘ ለውዝ፣ ማሽላና በቆሎ ውስጥ ያለው መርዝ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የራሽን ማሽላችሁ ሽታው ከተለወጠና ከሻገተ አጥበን እንብላው አትበሉ፣ መርዙ በማጠብም በመቀቀልም አይለቅም።

ባለቤታቸውና ልጆቹ ሁሉ ተመረመሩ። ሁለቱ ነጻ ሆነው ተከተቡ፣ ሦስት ጊዜ ነው የሚወጋው። እናትየው ቀድሞ ይዟት ራሱ የለቀቃት ሆና ተገኘች። አንዱ ልጅ ግን ቫይረሱ አለበት። ክትትል ላይ ነው፣ ያመመው ነገር የለም፤ ጉበቱ መጎዳት ከጀመረ ቫይረሱን የሚያዳክም በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ። እዚህ እንድንጽፈው የፈቀደው ራሱ ነው። «አባዬ ደበቀ፣ እኔ አልደብቅም» ነው ያለን።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነቱ ሲነሳ ከኤርፖርቱና ከጠቅላይ መምሪያው ጎን ያለችው ቡሪ ምን እንደሆነች የወጣ ያውቃል። ቤተሰቡ አራት ቀን ያለ ውሃ ወለል ላይ ተኝቶ ቆይቶ ወደ ዋድ መዳኒ ወጣ፤ ታኅሣሥ ላይ መዳኒም ተያዘች፣ እንደገና እግር። ጦሩ ካርቱምን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መልሶ ቢይዝም ወደ መቃብሩ ሄዶ ያየ የለም። መስቀሉ እንጨት ነበር። ቀበቶው ቡሪ ቀርቷል። መታወቂያው ግን አለ፤ ትልቁ ልጅ ጫማው ውስጥ፣ ከውስጥ ሶሉ ሥር አድርጎ አምጥቶታል። ፎቶው በላብ ደብዝዟል፣ ማኅተሙና ማዕረጉ ይነበባል።

ትንሿ ልጅ ባለፈው ዓመት እዚህ ካምፕ ወልዳለች። ሕፃኑ ሦስቱንም ክትባት ጨርሷል፣ ካርዱን ያየነው ከመታወቂያው ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው።

የዘንድሮው የሙት ዓመት መታሰቢያ በዚህ ወር የመጨረሻው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተሰቡ መጠለያ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ ቆሞ ይነበባል። በፖሊስም በጦሩም ያገለገላችሁ አባቶች ብትመጡ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ስኒ ስለማይበቃ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።