ሰማይ ላይ ላለችው ኢትዮጵያ ስም ያወጣው ማን ነው?

ስለ ሰማይ በተነሳ ቁጥር የማትቀር አንዲት መልስ አለች፦ «ሕዝቡ ሳይጠግብ ምን ሰማይ ሰማይ ያሰኛል?» ብልህ ትመስላለች። አይደለችም።

በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ መቀነት ውስጥ ትልቋ ሴሬስ ናት። ወርዷ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሶዶ–አዲስ አበባን መንገድ ደርሶ መልስ ቢዘረጉባት ይተርፋታል። በ1801 እ.ኤ.አ. ያገኛት ፓሌርሞ ይሠራ የነበረው ቄስ ፒያዚ በሮማውያን የእህል አምላክ ስም ጠራት፤ የንጉሡን የፈርዲናንድንም ስም ቀጠለበት። የሌላ አገር ሊቃውንት ንጉሡን ጣሉ፣ እህሏን አስቀሩ። (ሰማይና እንጀራ አይገናኙም የሚል ይህን ያስብ።)

እዚያው መቀነት ውስጥ ቁጥር 1432 የሆነች ትንሽ ድንጋይ አለች። ስሟ ኢትዮጵያ ነው። ሲሪል ጃክሰን ጆሃንስበርግ ላይ ያገኛት ሐምሌ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ አምስት ወር በኋላ። ባለ ስሟ አገር በፋሺስት እጅ ነበረች፤ ልትማከር ቀርቶ ራሷን በስሟ መጥራት የማትችልበት ጊዜ!

ስም ምን ዋጋ አለው የሚል ካለ ወላይታን ይጠይቅ። በ1992 ዓ.ም. ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስም ተቆራርጦ የተሰፋው «ወጋጎዳ» በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ምን እንደሆነች የሚያስታውስ ያስታውሳል። ሰው ሞቶበታል። እንግዲህ ሰማይ አይመለከተውም የሚባለው ይህ ሕዝብ ነው፤ ያውም ጊፋታን በጨረቃ ቆጥሮ የሚያከብር ሕዝብ።

«ገንዘብ የለም» የሚለውም አያዋጣም። ሃዋይ ያለው ፓን-ስታርስ ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ለተማሪዎች በነጻ የሚያድል ዓለም አቀፍ የአስትሮይድ ፍለጋ መርሃ ግብር አለ። ሥራው ምስሎቹን አስተያይቶ የተንቀሳቀሰችውን ነጥብ መለየት ነው። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል። የተገኘው አስትሮይድ ምሕዋሩ ተረጋግጦ ቁጥር እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚያ ግን ስም የማቅረብ ዕድሉ የልጆቹ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አንድን ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አጽድቃለች። መንገዱ የማይታወቅ አይደለም።

ስለዚህ የዞኑ ትምህርት መምሪያና ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማስመዝገብ የበጀት ዓመት መጠበቅ የለባቸውም። አንድ ፍላጎት ያለው የፊዚክስ መምህርና መብራት የማይጠፋበት አንድ ክፍል ይበቃል። (መብራቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) የአስትሮይድ ስም በላቲን ከ16 ፊደል እንዳይበልጥ ነው ደንቡ። ዳሞታ 6 ነው።