«ማንኛውም ዶክተር ይሠራዋል»

በቅርቡ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። በተማሪዎች አገልግሎት የምትሠራ፣ በማኔጅመንት የተመረቀች ወጣት እጇን አውጥታ «እኛ የአስተዳደር ሠራተኞች በሙያችን የምናድግበት መንገድ ምንድን ነው? ሥልጠናስ አለን ወይ?» ብላ ጠየቀች። መድረኩን የሚመሩት ኃላፊ «አስተዳደር በልምድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ማንኛውም ዶክተር ይሠራዋል» አሉና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ተቀመጠች። እኔ ያን መልስ እስካሁን መዋጥ አቅቶኛል።

የትኛው ዶክተር ነው የሚሠራው? ለሺዎች ተማሪ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ እንዲቀርብ የጤፍና የምስር ጨረታውን ሳያዘገይ የሚጨርሰው የትኛው ነው? ውኃ ሲቋረጥ፣ ጄኔሬተር ሲቆም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዶርም ውስጥ ተማሪ ሲታመም ለማን መደወል እንዳለበት የሚያውቀውስ? ከተማሪ ማኅደር ውስጥ ውጤቱ ሳይሞላ የቀረ አንድ «ኤንጂ» አሳድዶ፣ መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄዶ ለምኖ፣ ተመራቂው ጊዜያዊ ዲግሪውን (ቴምፖውን) በቀኑ እንዲይዝ የሚያደርገው ሬጅስትራር ይህን በየትኛው የዶክትሬት ጥናት ተማረው?

በአፈር ኬሚስትሪ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው አከብራለሁ። እሳቸውም መምህር ለመሆን ስንት ደረጃ እንደወጡ ያውቃሉ፤ ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፤ በየእርከኑ ተመዝነው። ግዥን፣ ፋይናንስን፣ የሰው ኃይልን እንዲመሩ ሲሾሙ ግን የሚበቃው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሁለት ዓመት ሥራውን ይለምዱበታል፤ ለምደው ሲያበቁ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከሀ ይጀምራል። ከሥር አሥራ አምስት ዓመት የሠራው የግዥ ባለሙያ ለአራተኛ አለቃው የጨረታ ሰነድ አነባበብ ያስተምራል።

በንብረት ክፍል ስሠራ ያየሁትን ልናገር። ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው፤ ሰኔ 30 ከደረሰ ያልተሠራበት በጀት ወደ መንግሥት ካዝና ተመላሽ ነው። ለላቦራቶሪ የተገዛ አንድ ትልቅ ማሽን በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጋዘኑ በር ላይ ወረደ። የንብረት ክፍሏ እትዬ በሣጥኑ ጎን የተለጠፈውን ወረቀት ጎንበስ ብለው አነበቡና የንብረት መረከቢያውን ሞዴል 19 ጥራዝ ሳይገልጡ ቆሙ።

«እትዬ፣ ይፈርሙ እንጂ፤ ብሩ ሊመለስ ነው» አሏቸው ያኔ በሹመት ይመሩን የነበሩት ዶክተር።

«ዶክተር፣ ይሄ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር የለም። የት ሊሰኩት ነው?»

«እሱ በኋላ ይስተካከላል።»

እትዬ ፈረሙ። እኔ ከዚያ መሥሪያ ቤት በሁለተኛው ዓመት ስወጣ ሣጥኑ አልተከፈተም፤ ላዩ ላይ አሮጌ ወንበር ተደርድሮበት ነበር። ችግሩን ቀድመው ያዩት ዲፕሎማ ያላቸው ሴት ናቸው። ያዩትም ያን ላቦራቶሪ እየዞሩ ንብረት ሲቆጥሩ ስለኖሩ ነው። ይህ እውቀት ነው፤ ሙያ ነው። ስፔሲፊኬሽኑ ሲዘጋጅ ግን ማንም አልጠራቸውም።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርት ለምክር ቤት ሲቀርብ ዩኒቨርሲቲዎች በግዥና በንብረት አያያዝ ስማቸው ሲነሳ ስንት ጊዜ ሰማን? አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ ይሁኑ ተብሏል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጉዞውን ጀምሯል። የራሳቸውን ገቢ ያመነጫሉ፣ ሠራተኛቸውን ራሳቸው ይቀጥራሉ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው? ያቺ ወጣት ስትጠይቅ መልስ የተነፈጋት በዚህ ጊዜ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። የአስተዳደር ሥራ ከጀማሪ ባለሙያ እስከ ምክትል ፕሬዝዳንት የራሱ መሰላል ይኑረው፤ ቦታው ሥራውን እየሠሩ ላደጉ በውድድር ክፍት ይሁን። ዶክተርም ከፈለገ ይወዳደር፤ መሰላሉን ግን ከታች ጀምሮ ይውጣ።

ማሽኑን ያስፈረሙት ዶክተር የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው ወደ ትምህርት ክፍላቸው ተመልሰዋል። ሞዴል 19ኙ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእትዬ ነው። ኦዲተር መጥቶ ማሽኑ ለምን አልሠራም ሲል ተጠርተው የቆሙት እሳቸው ናቸው።