የወፍጮ ቤት ጩኸትና የፈጪው ጆሮ

በመካነ ብርሃን ከተማም ሆነ በጎንደር ቀኑን ሙሉ በጩኸት ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ለማግኘት ትልቅ ፋብሪካ መፈለግ አያስፈልግም፤ ወፍጮ ቤት ይበቃል። ሞተሩ፣ ቺንጋውና ድንጋዩ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረው ይጮኻሉ። አስፈጪዋ ዱቄቷን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ፈጪው ግን እስከ ማታ እዚያው ነው። የፈጪውን ጆሮ ማን ይጠብቅ፣ በምንስ ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ ላይ ግን አስተዋይ ሰዎችም ይለያያሉ።

ማንኛውም ወገን ሊክደው የማይገባ ነገር አለ። ጩኸት የሚያመጣው የመስማት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል። መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭን ድምፅ፣ በተለይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። ስለዚህ ሰውየው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም፤ ሰው በተሰበሰበበት ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ ወሬው ይምታታበታል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። የመስሚያ መሣሪያ ያግዛል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

ለጆሮ የማያሰጋው የጩኸት ድንበር ራሱ አከራካሪ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤልን ወሰን አድርጎ ይመክራል፤ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሥራ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንስ ይላል። በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ውስጥ መቆየት የሚቻለው 1 ሰዓት ብቻ ነው። የዚያው አገር አስገዳጅ ሕግ ግን ለ8 ሰዓት እስከ 90 ይፈቅዳል። መለኪያ ለሌለው ሰው አንድ ቀላል ምልክት አለ፦ እጅ ሲዘረጋ የሚደርስበትን ያህል ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ቦታው ለጆሮ ያሰጋል።

አንደኛው ወገን ኃላፊነቱን በአሠሪው ላይ ያደርጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ጩኸቱን የሚያወጣው ማሽን የባለቤቱ ነውና ከምንጩ የመቀነስ ሥልጣንም አቅምም ያለው እሱ ነው። ነገር ግን አዋጁ የቆመው በሥራ ውል ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ ወይም ልጁ የሚፈጭበትን ወፍጮ ቤት መንካቱ ያጠራጥራል። በደጋው ቀበሌ ያለ አንድ ወፍጮ በቁጥጥር ሰበብ ቢዘጋ ደግሞ ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ አይሆንም፤ እህል ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው፣ ወይም ወደ እጅ ወፍጮ የምትመለሰው ሴት ናት።

ሌላው ወገን የጆሮ መሰኪያ ይበቃል ይላል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዛሬውኑ ይጀመራል፣ ማሽን አያስቆምም። ይህም እውነትነት አለው። ሆኖም የስፖንጅ መሰኪያ የሚሠራው በደንብ ተጠቅልሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ከላይ ከላይ ከተሰካ ብዙ አይከላከልም። ብዙዎች የሚወትፉት ተራ ጥጥም እንዲሁ እምብዛም አያግድም። ዱቄት በነካው እጅ በየደቂቃው ማውጣትና ማስገባት ደግሞ ለጆሮ ሌላ ችግር ነው።

ከፈጪዎች በኩል የሚነሳው ተቃውሞ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ፈጪ የሚሠራው በጆሮውም ጭምር ነው። እህሉ ሲያልቅ፣ ድንጋይ ከድንጋይ መነካካት ሲጀምር፣ ቺንጋው ሲንሸራተት በድምፁ ያውቃል። ጆሮውን ሙሉ በሙሉ መድፈን ይህን ይነጥቀዋል፤ የማስጠንቀቂያ ጥሪም ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ መሰኪያ የማያደርገውን ሁሉ ቸልተኛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በሌላ በኩል ጆሮው ዓመት በዓመት እየደከመ ሲሄድ የሚያጣው ይህንኑ የሙያ ችሎታ ነው። ምናልባት ድምፁን ሁሉ የሚያፍነው ሳይሆን መካከለኛ መጠን የሚቀንሰው መሰኪያ፣ ወይም በቀላሉ የሚነሳ የጆሮ ሽፋን ይስማማው ይሆናል። ምርጫው ግን ፈጪው ራሱ ሞክሮ የሚወስነው ቢሆን ይሻላል።

እኔ የማዘነብለው ጩኸቱን ከምንጩ መቀነስንና መሰኪያን በቅደም ተከተል ወደሚያስኬድ መንገድ ነው። ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ብሎን፣ የተበሳ ማርሚታ ጩኸት ይጨምራሉ፤ ማሽኑንም ይጎዳሉ። እነዚህን መጠገን ለሠራተኛውም ለባለቤቱም ስለሚጠቅም ከዚህ መጀመር ብዙ ጠብ አያስነሳም። ቀጥሎ ሞተሩን ከመፍጫው ክፍል በግድግዳ መለየትና የጭስ መውጫውን ወደ ውጭ ማራቅ ይመጣል። ይህ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ወረዳው ፈቃድ ሲያድስ የጊዜ ገደብ እየሰጠ ቢጠይቅ ተገቢ ይመስለኛል። እስከዚያው መሰኪያው ይሰጥ። ሁለት ሠራተኛ ባለበት መፈራረቅ ይቻላል፤ አንድ ብቻ ባለበት ግን ይህ ምክር አይሠራም።

የመስማት ምርመራም ቢሆን ሁለት ገጽ አለው። ሥራ ሲጀመር አንዴ፣ ከዚያ በየዓመቱ ቢደረግ ጉዳቱን ገና ሳይከፋ ያሳያል። ከመካነ ብርሃን ጎንደር ድረስ ወርዶ መመርመር ግን የሥራ ቀን ያስቀራል፤ ውጤቱ ያስባርረኛል ብሎ የሚፈራም አይጠፋም። ስለዚህ ወጪውን አሠሪው እንዲሸፍን፣ ውጤቱም ለማሰናበቻ እንዳይውል አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

በወፍጮ ቤት፣ በብየዳ ወይም በእንጨት ሥራ የምትውሉ አንባቢዎች፣ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጆሯችሁ ውስጥ የሚጮኽ ድምፅ ካለ ዝም አትበሉ፤ ለአሠሪያችሁ ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ።