የምክር ዋጋ

በግል ሥራው የሚተዳደር ሰው ብዙ ጊዜ ይቀናበታል። አለቃ የለበትም፤ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ፊርማ አይጠብቀውም፤ የድካሙ ዋጋ በቀጥታ ወደ እጁ ይገባል። ስለዚህም «የራሱ ጌታ ነው» ይባልለታል። በዘመናችን እንዲህ ከሚባልላቸው ባለሙያዎች አንዱ በግሉ የሚሠራው የቴክኖሎጂ አማካሪ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አባባል የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ይመስለኛል።

የቴክኖሎጂ አማካሪ ማለት ነጋዴው፣ የክሊኒኩ ባለቤት ወይም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኮምፒዩተርን ለሥራው ለማዋል ሲቸገር፣ ችግሩን መርምሮ የሚበጀውን የሚያመለክት ባለሙያ ነው። የሚሸጠው ዕቃ አይደለም፤ ዕውቀቱንና ፍርዱን ነው።

የዚህ ሰው ነጻነት ዋጋ ያስከፍላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ተቀጣሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር እንዲያገኝ ይደነግጋል። በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ግን ይኸው አዋጅ አይመለከተውም። እንዲሁም በግል ድርጅት የተቀጠረ ሰው ለጡረታው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። ለራሱ የሚሠራው አማካሪ ግን የሚጨምርለት አሠሪ የለውም። ቢታመም ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ሲቆም ገቢውም ይቆማል። አንዱ ወር ጥጋብ፣ ሌላው ወር ችጋር ሊሆንበት ይችላል። ደንበኛው ክፍያ ቢያዘገይበት የቤት ኪራዩ አብሮ አይዘገይለትም።

ፈተናው የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው። ለምሳሌ አንድ የመርካቶ ነጋዴ አሥር ኮምፒዩተሮቹ እየዘገዩ ሥራ ስላስተጓጎሉበት አንዲት አማካሪ ጠራ እንበል። አማካሪዋ መርምራ እንደተረዳችው፣ ኮምፒዩተሮቹ ሜሞሪ ቢጨመርላቸው ገና ለዓመታት ያገለግላሉ። ይልቁንም የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። የዕቃውና የሒሳቡ መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ የለውም፤ ዋናው ኮምፒዩተር አንድ ቀን ቢበላሽ የዓመታት ልፋት አብሮ ይጠፋል። በዚህ መካከል አንድ የኮምፒዩተር ሻጭ ቀርቦ፣ «አሥር አዳዲስ እንዲገዛ ብትመክሪው ኮሚሽንሽ ይታሰብልሻል» ይላታል። ነጋዴው የነገሩን ምስጢር ስለማያውቅ ያለችውን ያምናል። የእርሷም የቤት ኪራይ ቀኑ ደርሷል። እንግዲህ ምን ታድርግ?

«ከሻጭ ኮሚሽን መቀበል ምን ነውር አለበት? ደላላም የሚኖረው በዚሁ አይደለምን?» የሚሉ አይጠፉም። እርግጥ ነው፣ የድለላ ሥራ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ነገር ግን ደላላው ደላላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ገዢውም ተጠንቅቆ ያዳምጠዋል። አማካሪ ግን «ላንተ የሚበጅህን እነግርሃለሁ» ብሎ ዋጋ የተቀበለ ሰው ነው። ከሁለት ወገን በስውር የሚቀበል ከሆነ፣ ነጋዴው የከፈለው ለምክር ሳይሆን ለመታለል ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የመጥፎ ምክር ጉዳት ወዲያው አለመታየቱ ነው። ለዚህ የፊደላችን ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደሎቹ የየራሳቸውን መለያ ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ያን ጊዜ የጋራ መለያ ስላልነበረ በዚህ የሚወቀስ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን የጋራው መንገድ እያለ፣ ለኮሚሽን ሲል ደንበኛውን ከአንድ ሻጭ በቀር ማንም ሊከፍተው ከማይችል ፕሮግራም ጋር የሚያስር አማካሪ ተጠያቂ ነው። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፣ አማካሪው ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት የዚህ ሙያ ዋና መሣሪያ ኮምፒዩተር ሳይሆን መታመን ነው። መታመን ደግሞ በመልካም ፈቃድ ብቻ አይጠበቅም፤ ሥርዓት ይፈልጋል። አማካሪው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሠራውን፣ የሚያስረክብበትን ቀንና የሚከፈለውን ዋጋ በጽሑፍ ውል ያስፍር። የገቢና የወጪ መዝገብ ይያዝ፤ ግብሩን በወቅቱ ይክፈል። ያልተማረውን ነገር ሲጠየቅ «አላውቀውም» ለማለት አይፈር። ከሁሉም በላይ በጥጋቡ ወር ለችጋሩ ወር ያስቀምጥ። ለነገ እንጀራው የሚጨነቅ ሰው ዛሬ እውነቱን መናገር ይከብደዋልና።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አማካሪዋ «አዲስ መግዛት አያስፈልግህም» ብትል የሻጩን ኮሚሽን ታጣለች። ነጋዴው ስሟን ለጎረቤቶቹ ያነሣላት ይሆናል፤ ላያነሣላትም ይችላል። ሆኖም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንዲሉ፣ መዝገቡ ከጥፋት የዳነለት ነጋዴ የምክሯን ዋጋ አንድ ቀን ይረዳዋል። ባይረዳው እንኳ እርሷ ፍርዷን ለሻጩ አልሸጠችም። «የራሷ ጌታ ናት» ልንል የሚገባን ያን ጊዜ ነው።